ጄኔራል ስለሆነ ያዝዛል ያላችሁ ማን ነው?

ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ማመልከቻ እጽፋለሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጃንጥላ፣ ሁለት ወንበር። ከዚያ በፊት ወታደር ነበርኩ። ተዋጊ እንዳይመስላችሁ። አሥር አለቃ ሆኜ አስመራ ውስጥ በአንድ የጦር መምሪያ የሰው ኃይል ክፍል ኦሊቬቲ ስቀጠቅጥ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። የተሾመም፣ የተሻረም፣ የሞተም መኮንን ደብዳቤው በእጄ አልፏል።

ስለዚህ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ስለ ደርግ ዘመን ጄኔራሎች ማውራት ሲጀምር ጆሮዬን መድፈን አልችልም። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎልማሳ ጋቢውን አጣፍቶ ቁጭ አለና፣ «ያ ሁሉ ጄኔራል! አንድ ቀን ቆርጠው ቢያዝዙ ኖሮ ጦርነቱ ያልቅ ነበር» አለ። አጠገቡ ያሉት ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህችን ነገር ሠላሳ ዓመት ሰምቻታለሁ። ዛሬ ልጻፋትና ይውጣልኝ።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ጄኔራል መንግሥቱ» የሚባል ሰው አልነበረም። ሻለቃ ሆኖ መጣ፣ ሌተና ኮሎኔል ሆኖ ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር ወጣ። ማመልከቻ ላይ «ጄኔራል መንግሥቱ» ብላችሁ ካመጣችሁብኝ እሰርዘዋለሁ።

«ያልተማሩ ነበሩ» ይባላል። ሐረር አካዳሚ ገብቶ በህንድ መምህራን ሦስት ዓመት የተማረውን ማን ረሳው? የሆለታው የጦር ትምህርት ቤት ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። በንጉሡ ጊዜ አሜሪካ የሠለጠነ መኮንን፣ ኋላ ሞስኮ ተልኮ ሌላ ዓይነት ውጊያ እንደ አዲስ ተምሯል።

«ሀብታም ነበሩ» ለሚለው፦ ከሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 በኋላ ትርፍ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት። ኮከብ የደረደረም ቢሆን።

«ደርግ ማለት የጄኔራሎች ስብስብ ነው» የሚሉት ደግሞ ይገርሙኛል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በሰኔ 1966 የጦር ክፍሎች ተወካይ ሲልኩ ከሻለቃ በላይ እንዳይመጣ ነው የተባለው። ትልልቆቹ መኮንኖች ከንጉሡ ጋር የተነካኩ ናቸው ተብለው ተጠርጥረዋል። መቶ ሃያ ገደማ ሰው ተሰበሰበ፤ ሻለቃ፣ ሻምበል፣ የመቶ አለቃ፣ ባለ ሌላ ማዕረግ። ለሊቀመንበርነት ግን ጄኔራል ተፈለገ፤ ለስሙ ያህል። ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ኅዳር 1967 ተገደሉ። ብርጋዴየር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 1969 ተገደሉ። ከዚያ ወዲያ ሊቀመንበር ሆኖ የቀጠለው ያው ሻለቃ የነበረው ነው።

«ማዕረግ የሚያድለው ፓርቲው ነበር።» ይሄኛው ግማሹ እውነት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እቆይበታለሁ። ለውጊያ የማይመጥን ሰው በምላሱ ብቻ ከፍ ሲል አይቻለሁ። ጎበዝ አዛዥም ያለ ፓርቲው ይሁንታ ወደ ላይ አይወጣም። ፓርቲው፣ ኢሠፓ፣ ሲመሠረት፣ ከዚያ በፊትም ፓርቲውን ባደራጀው ኮሚሽን፣ በኢሠፓአኮ ጊዜ፣ መኮንን ሁሉ ግለ ታሪክ ይሞላል፤ ኮሚሳሩ፣ ማለትም በጦሩ ውስጥ የፓርቲው ሰው፣ ያየዋል። የአባትህ መደብ ምን ነበር? ይኼ ጥያቄ የጎጃምን ልጅ እንዴት እንደሚያስጨንቀው የሚያውቅ ያውቃል።

አንድ የቢቸና ሰው፣ ሻለቃ፣ ቅጹን ይዞ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ።

«አባቴ ባለርስት ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዲያ ብዬ ብጽፍ ኮሚሳሩ ባላባት ነው ይለኛል። ጭሰኛ ነው ብል ውሸት ነው። ምን ይሻላል?»

እኛ አገር ርስት የዘር መሬት ነው፤ ሁለት ጥማድ ያለውም ባለርስት ነው። ደቡብ ላደገ ሰው ግን ባለመሬት ማለት ጭሰኛ የሚያስገብር ጌታ ማለት ነው።

«መካከለኛ ገበሬ ልበለው ጓድ ሻለቃ?» አልኩ።

«በለው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ በኔ ታይፕ የጎጃም አባት ሁሉ መካከለኛ ገበሬ ሆነ።

አሁን ወደዚያ ባለ ጋቢው ሰውዬ ልመለስ። ጄኔራል ነው፣ ስለዚህ ያዝዛል ነው ነገሩ።

በደርግ ጦር አዛዥ ብቻውን አያዝዝም ነበር። አሠራሩ የመጣው ከሶቭየት ነው። ቀይ ጦር ሲቋቋም የዛርን መኮንኖች ቀጠረ፤ ስላላመናቸው ደግሞ ኮሚሳር አጠገባቸው አስቀመጠ። ሶቭየቶች ራሳቸው በጀርመኑ ጦርነት መሃል፣ በፈረንጆች 1942፣ ኮሚሳሩን ከእኩል አዛዥነት አውርደው ሙሉ ሥልጣኑን ለአዛዡ ሰጡ። ተቸግረው ነው ያደረጉት። እኛ ሠላሳ ምናምን ዓመት ዘግይተን መጣንና እነሱ የጣሉትን አነሳን። ሦስትም አደረግነው፦ አዛዡ፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩ፣ የደኅንነቱ ሰው። ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሪፖርት ያደርጋሉ። ኮሚሳሩ በማዕረግ ያንስ ይሆናል። የሱ ሪፖርት ግን የጄኔራሉን አንገት ትቆርጣለች።

ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት አዛዡ ትእዛዝ አጻፈኝ። ብርጋዴየር ጄኔራል ነው። ተከቦ ሊቀር የደረሰ አንድ ሻለቃ ጦር ሌሊቱን ወደ ኋላ እንዲሳብ ነው የሚለው። ካርቦን አስገብቼ በሦስት ቅጂ ተየብኩ። ኮሚሳሩ አነበበና «ማፈግፈግ የሚለው ይውጣ፤ ሞራል ይነካል» አለ። «ቦታ ማስተካከል» ብዬ እንደገና ተየብኩ። ጄኔራሉ አነበበና «ይሄን የሚያነበው የሻለቃ አዛዥ ምን አድርግ እንደተባለ በምን ይገባዋል?» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። የደኅንነቱ ሰው ተቀስቅሶ መጣ። እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ይጠየቅ አለ። ሦስተኛውን ስተይብ ወፍ መንጫጫት ጀምሯል። በመጨረሻ ወረቀቱ ሲፈረም የሬዲዮ ሠራተኛው ገባና የሚደርሰው ሰው እንደሌለ ነገረን። ጄኔራሉ ቆቡን አንሥቶ ወጣ። ያንን ወረቀት ፋይል ያደረግሁት እኔ ነኝ።

እና «ለምን ቆርጠው አላዘዙም» ትሉኛላችሁ!

ቆርጦ የተናገረስ ምን ሆነ? ኤርትራ ውስጥ የተሰለፈው የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴየር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በየካቲት 1980 አስመራ ላይ ተረሸኑ። ጠላት አልገደላቸውም፤ መንግሥቱ ነው ያስገደላቸው። ወር ገደማ ቆይቶ፣ መጋቢት ላይ፣ ናደው አፋቤት ላይ በሻዕቢያ ጥቃት በጥቂት ቀን ውስጥ ፈረሰ። ሦስት የሶቭየት መኮንኖች ሳይቀሩ ተማረኩ። አዛዡን ገድለህ ጦሩ ለምን ተሸነፈ ብለህ ትጠይቃለህ?

«ፈሪዎች ነበሩ» የሚለውም ከዚሁ የተወለደ ነው። ግንቦት 8 ቀን 1981 መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲበር ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሊያደርጉ ተነሡ። አልተሳካም። ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ መከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ ራሳቸውን ገደሉ። ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አስመራ ላይ ተገደሉ። በዓመቱ፣ ግንቦት 1982፣ አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ። በመካከሉ ምጽዋ ስትያዝ ብርጋዴየር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን አጠፉ። በየካቲት 1983 የኢሕአዴግ ዘመቻ ቴዎድሮስ ወደ ጎንደርና ወደ እኛ ጎጃም ሲመጣ፣ ሊያዝዝ ይችል የነበረው ሰው ብዙው አፈር ለብሷል።

ቅዱሳን ነበሩ እያልኩ አይደለም። ሰኔ 1980 ሐውዜን ላይ ገበያተኛው በአውሮፕላን ሲደበደብ አብራሪው ከሰማይ አልወረደም፤ መኮንን ነው። ከየገበያው በአፈሳ የተወሰዱትን ልጆች ስም ዝርዝር የፈረመውም መኮንን ነው። የተየብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እንወቅሳቸው ካላችሁ በሠሩት ውቀሷቸው። በሌላቸው ሥልጣን አትውቀሷቸው።

በነገራችን ላይ የአባታችሁን ወይም የአያታችሁን የውትድርና ጉዳይ ይዛችሁ የምትመጡ እባካችሁ ስሙኝ። ፎቶውን ከመስታወቱ ውስጥ አውጥታችሁ ጀርባውን አንብቡ፤ ቀንና ቦታ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። «ሻለቃ» የሚል ስታዩ ቶሎ አትደሰቱ። ሻለቃ ማዕረግ ነው፤ ሻለቃ ደግሞ የጦር ክፍል ስም ነው። ሻምበልም እንደዚያው። «የሻምበል አዛዥ» ማለትና «ሻምበል» ማለት አንድ አይደለም። የማዕረግ ደብዳቤ ካለ ቀኑን ተመልከቱ። ዋናውን ለማንም እንዳትሰጡ፣ ኮፒ አስነሡ። ላሚኔት አታስደርጉት፤ ማኅተሙ አይታይም እያሉ ይመልሱባችኋል። ሟቹን በራሳችሁ እጅ ሹመት አትጨምሩለት። አንድ ማዕረግ የዋሸ ማመልከቻ የቀረው ሁሉ እውነት ቢሆንም አይታመንም።

ባለፈው አንዲት የሞጣ ሴት መጣች። አባቷ ጄኔራል እንደነበር ሲነገራት ነው ያደገችው። ፎቶውን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አወጣችው። ቀጭን ልጅ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ክንዱን አሳርፏል። ገለበጥኩት። «ናቅፋ ግንባር፣ ከሻለቃው ጽሕፈት ቤት፣ 1978» ይላል። ደግሜ ፊቱን አየሁት። ከክርኑ አጠገብ የታይፕ መኪና ጫፍ ይታያል።

«እህቴ፣ አባትሽ ጸሐፊ ነበር» አልኳት። «እንደኔው።»

ዝም አለች። ቆይታ፣ «ጄኔራል ብንለው ግን ጉዳዩ አይፈጥንም ጋሼ?» አለች።

«አይፈጥንም» አልኩና ጸሐፊ ብዬ ጻፍኩላት።