«ሶፍት ፓወር» እና የባህል ዲፕሎማሲ አንድ አይደሉም

ሁለቱ ቃላት እየተምታቱ ሲነገሩ ደጋግሜ ስላየሁ ላፍታታቸው።

ሶፍት ፓወር ማለት ሳያስገድዱና ሳይከፍሉ፣ በመወደድ ሌላውን ወደ ራስ መሳብ ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1990 ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ምሁር ጆሴፍ ናይ ናቸው። የባህል ዲፕሎማሲ ግን ሥራ ነው። መንግሥት አስቦበት፣ በጀት መድቦ ባህሉን ለሌላ አገር ሕዝብ ያቀርባል።

ህንድንና ናይጄሪያን እንይ። የህንድ ፊልሞች በሰሜን ናይጄሪያ ለአሥርተ ዓመታት ሲወደዱ ኖረዋል። የሃውሳ ተናጋሪው ተመልካች ሂንዲ ባይሰማም፣ የቤተሰብ ክብሩና የጋብቻው ጣጣ የራሱ ታሪክ ሆኖ ተሰምቶታል። የሰሜን ናይጄሪያዋ ከተማ የካኖ ፊልም ሠሪዎችም ዘፈንና ውዝዋዜውን ወረሱ። መጀመሪያ ፊልሞቹን ያስገቡት ደግሞ ነጋዴዎች እንጂ ኤምባሲ አልነበረም። ሶፍት ፓወር ይሄ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመው የህንድ የባህል ግንኙነት ምክር ቤት ለአፍሪካውያን ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ሲሰጥ፣ ያ የባህል ዲፕሎማሲ ነው።

እስከዚህ ያለው ብዙም አያከራክርም። የሚያከራክረው እርዳታ ነው። ኩባ እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ አልጄሪያ ሐኪሞች ላከች፤ ከዚያም ወደ ብዙ አገሮች። አንዳንዱ ሶፍት ፓወር ይለዋል። ሌላው ክፍያ ካለበት ንግድ ነው ይላል። መልሱ እንደ ስምምነቱ ይለያያል።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ፦ ዲፕሎማሲው ስለተሠራ ብቻ መወደድ አይመጣም። ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ በሄደበት አገር ንቀት ከገጠመው፣ ዲግሪውንም ቂሙንም ይዞ ይመለሳል።