በአውሮፕላን ካቢን ውስጥ ያለው አየር እና የበረራ ሠራተኞች ጤና

በአብዛኞቹ የጄት አውሮፕላኖች ተሳፋሪም ሆነ ሠራተኛ የሚተነፍሰው አየር የሚመጣው ከሞተሩ ነው። ሞተሩ ከውጭ የሳበውን አየር ያምቀዋል። ነዳጅ ሳይነካው ጥቂቱ ተቀንሶ፣ ቀዝቅዞ ወደ ካቢን ይገባል። በሙያው ቋንቋ ብሊድ ኤር ይባላል። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ይህን ሥራ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ጭራው ላይ ያለው ረዳት ሞተር ነው።

ጣጣው ያለው ሞተሩን በሚያለሰልሰው ዘይት ላይ ነው። ዘይት ወደ አየር መስመሩ እንዳያልፍ የሚያግዱት ማሸጊያዎች ሥራቸውን የሚሠሩት በአየር ግፊት እየታገዙ ነው። ሞተር ሲነሣ፣ ጉልበቱ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ግፊቱ ይዋዥቃል። ያኔ ጥቂት ዘይት ሊሾልክ ይችላል። ማሸጊያው ካረጀ ወይም ዘይቱ ከልክ በላይ ከተሞላ ይብሳል። የሃይድሮሊክ ፈሳሽና የበረዶ ማቅለጫ ኬሚካልም አልፎ አልፎ ወደ ካቢን ይገባሉ።

የሞተር ዘይት የብረት መፋቅን እንዲቀንስ ትራይክሬሲል ፎስፌት የተባለ ኬሚካል ይጨመርበታል። ከዚህ ኬሚካል ዓይነቶች አንዱ ነርቭ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1930 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ እሱ የተቀላቀለበትን የዝንጅብል መድኃኒት የጠጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኗል። ዛሬ ባለው ዘይት ውስጥ ይህ ዓይነቱ እጅግ ጥቂት ነው። ያ ግን ክርክሩን አይዘጋውም። የጋለ ዘይት ጭስ የብዙ ኬሚካሎች ድብልቅ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም ሊኖርበት ይችላል።

ሠራተኞች መጀመሪያ የሚያውቁት በጠረኑ ነው። ያልታጠበ ካልሲ ወይም የረጠበ ውሻ ይመስላል ይላሉ። ከዚያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የዓይንና የጉሮሮ ማቃጠል ይከተላል። አንዳንዶች ከወራት በኋላም ድካም፣ መርሳትና የእጅ መንቀጥቀጥ አልለቀቀንም ይላሉ። አፍንጫ ደግሞ ቶሎ ይለምዳል። ጠረኑ ጠፋ ማለት አየሩ ጠራ ማለት አይደለም። የአብራሪዎች ጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጣል። ከጣሪያ የሚወርደው የተሳፋሪ ጭምብል ግን የካቢኑን አየር ስለሚቀላቅል ከጭስ አያድንም። ሄፓ የተባለው የካቢን አየር ማጣሪያም ብናኝና ጀርም እንጂ ጋዝ አይዝም።

ለዘለቄታው ጉዳት "ኤሮቶክሲክ ሲንድረም" የሚለው ስያሜ የቀረበው በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። እስካሁን ግን በዓለም አቀፍ የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አልገባም። የእንግሊዙ ክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ባወጣው ጥናት 100 በረራዎችን ለክቶ፣ የተገኘው መጠን ከተፈቀደው ጣሪያ በታች ነው ብሏል። ልብ በሉ፤ በእነዚያ በረራዎች ላይ አስጊ የሚባል የጭስ ክስተት አልደረሰም። ሠራተኞች የሚታመሙት ክስተቱ ሲደርስ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚለካ የለም። አብዛኞቹ አውሮፕላኖች የካቢኑን አየር የሚከታተል ጠቋሚ መሣሪያ የላቸውም። ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም ታማሚው ጫንቃ ላይ ያርፋል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ በ1992 በረራ ላይ ጭስ የተነፈሰች አስተናጋጅ የካሳ ክርክሯ የተቋጨላት በ2010 ነው። ፍርዱም ለእሷ ሆኗል።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2015 ስለ ሥልጠናና ሪፖርት አቀራረብ መመሪያ አውጥቷል። ቦይንግ 787 ደግሞ ለካቢኑ ከሞተር አየር አይወስድም፤ በኤሌክትሪክ መጭመቂያ በቀጥታ ከውጭ ይስባል። በሌሎቹ አውሮፕላኖች ላይ የሠራተኛ ማኅበራት የሚጠይቁት ጠቋሚ መሣሪያ፣ የተሻለ ማጣሪያና ክስተቱ በደረሰ በሰዓታት ውስጥ የሚደረግ የደም ምርመራ ነው።