ኩላሊት ሲያፈስ

ባሕር ዳር ውስጥ ወገቡን የያዘ ሰው ሁሉ «ኩላሊቴን ነው» ይላል። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ተጣጥፎ የዋለው ሹፌርም፣ ከባድ ሸክም ያነሳችውም፣ ብርድ የመታውም፣ መጨረሻቸው ኩላሊት ነው። አብዛኛው የጡንቻ ሕመም ስለሆነ አረፍ ሲሉ ይለቃል። እዚህ የማወራው ግን ከምር ከኩላሊት ስለሚመጣ፣ ስሙንም ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነገር ነው። ሽንት ከመንገዱ ወጥቶ በኩላሊት ዙሪያ ይጠራቀማል። ሐኪሞች ጥርቅሙን ዩሪኖማ ይሉታል። እኛ ቤት «ኩላሊቱ ያፈሳል» ነው የተባለው፣ ልክ ሐምሌ ላይ እንደሚያፈስ ቆርቆሮ።

ነገሩ ቤታችን የገባው በአጎቴ ልጅ በኩል ነው። መስከረም ላይ፣ ዝናቡ አልወጣም ብሎ መንገዱ ገና ጭቃ እያለ፣ ባጃጁ ተገለበጠና መሪው ጎኑን መታው። ተነሳ፣ ባጃጁን ከሰው ጋር አቃንቶ እየነዳ ቤቱ ገባ። ሽንቱ ትንሽ ቀላ፣ በማግስቱ ጠራ። «ተርፌያለሁ» አለ። በአራተኛው ቀን ጎኑ አበጠ፣ ትኩሳት ያዘው፣ ሆዱ ተነፍቶ ምግብ አልወርድ አለው። ዘግይቶ መምጣት የዚህ ሕመም ዋና ጠባዩ ነው።

እስቲ መጀመሪያ አቀማመጡን እንይ። ኩላሊት የጭብጥ ያህል ናት፣ ክብደቷ ወደ 150 ግራም። ሁለቱም ከጀርባ በኩል፣ ከመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ተሸጉጠው ተቀምጠዋል። በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከዚያ ውስጥ ሁሉንም ማለት ይቻላል መልሰው ለደም ይሰጡታል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው። ሽንቱ በትናንሽ ጽዋ መሰል ክፍሎች ይንጠባጠባል፣ አፉ ሰፊ ግርጌው ጠባብ በሆነ ከረጢት ይሰበሰባል፣ ከዚያ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቀጭን ቧንቧ ወርዶ ፊኛ ይገባል። ኩላሊቷን ስብ ይከባታል፣ ስቡን ደግሞ ስስ ሽፋን ይጠቀልለዋል። ሽፋኑ የሚጠራው በሩማንያዊው ሐኪም በዲሚትሪ ጌሮታ ስም ነው።

ይሄ ሽፋን ውለታም አለው፣ ተንኮልም አለው። የፈሰሰውን ሽንት እዚያው አቅፎ ይይዛል፣ በሆድ ውስጥ እንዳይበተን ያደርጋል። በዚያው ልክ ደብቆ ያቆየዋል። ሰውዬው እየሄደ፣ እየሠራ፣ ውስጥ ውስጡን ይሞላል።

ጀርም የሌለበት ሽንት እንኳ ከቦታው ሲወጣ ዙሪያውን ያስቆጣል። ሰውነት አጥር ያጥርበታል፣ አጥሩ ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳው ደግሞ የሽንት ቧንቧውን ሊያንቀው ይችላል። ጀርም ከገባበት መግል ነው። ሽንቱ ሆድ ዕቃ ውስጥ ከደረሰ ደም መልሶ ይመጠዋል፣ ክሪያቲኒን የሚባለው፣ ኩላሊት ከደም የምታጣራው ቆሻሻ፣ ውጤቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ኩላሊቶቹ ግን ሥራቸውን አላቆሙም። ይቺን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ቁጥር ያየ ዘመድ «በቃ ኩላሊቱ ሞቷል፣ እጥበት ሊጀምር ነው» ብሎ ቤቱን ለቅሶ ቤት ሊያደርገው ይችላል።

ምን ያፈሰዋል? አንደኛው አደጋ ነው። ባጃጅና ሞተር አሉ፣ ከጣሪያና ከባሕር ዛፍ መውደቅ አለ፣ በገጠር በኩል የበሬ ቀንድና የፈረስ እርግጫ ይጨመራል። ሐኪሞች የኩላሊት ጉዳትን ከ1 እስከ 5 ደረጃ ያወጡለታል፤ ስንጥቁ ሽንት እስከሚሰበሰብበት ክፍል ደርሶ ሽንት ከፈሰሰ 4ኛ ደረጃ ላይ ነን። ልጆች የበለጠ ይጋለጣሉ፣ ምክንያቱም የጎድን አጥንታቸው ለስላሳ ነው፣ ዙሪያውን የሚከላከል ስብም የላቸውም። ከልደት ጀምሮ የቧንቧው መነሻ ጠቦባቸው ኩላሊታቸው ተነፍቶ የሚኖሩ ልጆችም አሉ። እንዲህ ያለው ልጅ ኳስ ሲጫወት በወደቀው ቀላል አወዳደቅ ሊፈነዳበት ይችላል።

ሁለተኛው ጠጠር ነው። ጠጠር ቧንቧው ውስጥ ሲወተፍ ሽንቱ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ በመጨረሻ ደካማው ቦታ ይተረተራል። ደካማው ቦታ የጽዋዎቹ ጠርዝ ነው። አንዳንዴ ሰውዬውን መሬት ላይ ሲያንከባልለው የነበረው ሕመም ድንገት ቀለል ይላል። ጠጠሩ የወጣ ይመስላል። ያልወጣ፣ ይልቁንም ግፊቱ ሌላ ቀዳዳ ያገኘ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር ላይ መጋቢትና ሚያዝያ ፀሐዩ ሲከር ቀኑን ሙሉ በቡና ብቻ የሚውል ሰው ለጠጠር በሩን ከፍቷል። ተልባና የገብስ ውሃ መጠጣት ክፋት የለውም፣ ውሃነታቸው ይጠቅማል፤ የተወተፈ ጠጠር ግን አያስወጡም፣ የፈሰሰ ሽንት ደግሞ አይሰበስቡም።

ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። የሽንት ቧንቧ ከማህፀን የደም ሥር ሥር፣ በጣም ተጠግቶ ያልፋል። ማህፀን ሲወጣ ወይም አስቸጋሪ ምጥ በኦፕራሲዮን ሲገላገል ቧንቧው ሊቆረጥ ወይም ከክሩ ጋር ሊታሰር ይችላል። ጎበዝ ሐኪም እጅ ላይም ይደርሳል። ከቀናት በኋላ ሆድ ይነፋል፣ ጎን ይወጋል፣ ከቁስሉ ወይም ከማህፀን በኩል ማቋረጫ የሌለው ውሃ መሰል ፈሳሽ ይወርዳል። አራስ ናት፣ ይሄ ያለ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

በፊኛው በር ላይ ከልደት የመጣ ስስ መጋረጃ መሰል ነገር ያለባቸው ወንድ ሕፃናትም አሉ፤ ከ5000 እስከ 8000 ከሚወለዱት በአንዱ ገደማ ይታያል። እነሱ ላይ ፍሳሹ አንዳንዴ ባለውለታ ይሆናል፣ ግፊቱን አስተንፍሶ ኩላሊቷን ያተርፋታል። ፕሮስቴት ያበጠባቸው አዛውንቶችና፣ አልፎ አልፎ፣ ነፍሰ ጡሮችም ላይ ይከሰታል።

ጣና ዳር ያደገ ሰው እዚህ ጋ «ቢልሃርዚያስ?» ማለቱ አይቀርም። የሽንት መስመርን የሚያበላሽ የቢልሃርዚያ ዓይነት መኖሩ እውነት ነው፣ ቧንቧውን ያጠባል። አገራችን ውስጥ ግን እሱ የሚገኘው እንደ አዋሽ ባሉ ቆላ ቦታዎች ነው። የጣናው የአንጀትና የጉበት ነው። ሐይቁ በዚህኛው ጉዳይ ንጹሕ ነው፣ ልቀቁት።

ወደ ምርመራው እንምጣ፣ ትልቁ ጨዋታ እዚያ ነው። ደም የቀላቀለ ሽንት ምልክት ነው፣ አለመኖሩ ግን ነፃ አያወጣም። ቧንቧው ጭራሹን ከተበጠሰ ከዚያኛው ኩላሊት የሚወርድ ነገር ስለሌለ፣ ከፊኛ የሚወጣው የጤነኛው ኩላሊት ጥርት ያለ ሽንት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለሐኪሙ የምትነግሩት ታሪክ ዋጋ አለው። መቼ ተመታ፣ በየት በኩል፣ ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ።

አልትራሳውንድ የመጀመሪያው ነው። ርካሽ ነው፣ ጨረር የለውም፣ ለነፍሰ ጡርም ይሆናል። ፈሳሽ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ችግሩ፣ ሽንትም ጥቁር ነው፣ ገና ያልረጋ ደምም ሊጠቁር ይችላል፣ ሌላም ፈሳሽ እንደዚያው። አልትራሳውንዱ «እዚህ ፈሳሽ አለ» ይላል እንጂ ስሙን አይጠራም።

ስሙን የሚጠራው ሲቲ ስካን ነው፣ ያውም በትክክል ከተነሳ። በደም ሥር ኮንትራስት የሚባል መድኃኒት ይሰጣል፣ ሰውነት ሙቅ ይላል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል። የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ሲነሱ መድኃኒቱ ገና ደም ውስጥ ነው። ኩላሊት አጣርታ ከሽንት ጋር እስክታወርደው ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ተጠብቆ ሌላ ዙር ይነሳል። ያኔ ነጩ መድኃኒት ከመንገዱ ወጥቶ ጥቁሩ ኩሬ ውስጥ ሲገባ በዓይን ይታያል። የዘገየው ዙር ካልተነሳ ፍሳሹ ሊያመልጥ ይችላል። የአጎቴን ልጅ ስናስነሳ አጠገባችን አንድ ከገጠር የመጡ አባት ነበሩ። ማሽኑ ዝም ሲል ያለቀ መሰላቸውና ጋቢያቸውን ለመልበስ ተነሱ። ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ «አባባ፣ ይተኙ፣ ዋናው ገና ነው» አላቸው። እሳቸውም «እና እስካሁን ምን ስታደርጉ ነበር?» ብለው ተመልሰው ተኙ። ከኮንትራስቱ በፊት ክሪያቲኒን የሚለካው ደግሞ ለወጉ አይደለም፣ ቀድሞ የደከመ ኩላሊት ላይ ጥንቃቄ ስለሚያስፈልግ ነው።

ሌላም ቀላል መንገድ አለ። በአልትራሳውንድ እየታየ መርፌ ይገባና ፈሳሹ ይቀዳል። ለእኛው የተቀዳው ብርዝ የመሰለ፣ ትንሽ የደፈረሰ ነበር። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ክሪያቲኒን በደም ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ከበለጠ ሽንት ነው። ከደሙ ጋር ከተቀራረበ ሌላ ፈሳሽ ነው። የሲቲ ማሽኑ ተበላሽቶ በቀረበት ቀን እንኳ ይቺ ምርመራ ጉዳዩን ትቋጫለች።

ሕክምናው ላይ ብዙ ሰው የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ምንም አይቀደድም። በአደጋ የመጣ ፍሳሽ አብዛኛው በራሱ ይዘጋል። ሰውዬው ያርፋል፣ ደሙ፣ ግፊቱና ትኩሳቱ ይታያል፣ ከባድ ጉዳት ከሆነ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ውስጥ ምስሉ ይደገማል። ቤተሰብ ግን መጠበቅን እንደ ሥራ አይቆጥረውም። «ዝም ብለው አስተኝተውታል» እያለ በር ላይ ያጉረመርማል። እኔም አጉረምርሜያለሁ።

ትኩሳት ከመጣ፣ ኩሬው ካደገ፣ ሕመሙ ከባሰ ነው እጅ የሚገባው። ሐሳቡ የቤት ውሃ መውረጃ እንደማስተካከል ነው። ከታች የተዘጋ ፍሳሽ ባለበት ቀዳዳውን ብትለስኑት ዋጋ የለውም። ታችኛውን መንገድ ክፈቱለት፣ ውሃው ቀዳዳውን ይተወዋል፣ ቀዳዳው ራሱ ይድናል። ለዚህ ስቴንት የሚባል ቀጭን ቱቦ በሽንት በር በኩል በካሜራ ገብቶ፣ አንዱ ጫፍ ኩላሊት ውስጥ፣ ሌላው ፊኛ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱ ጫፎቹ እንዳይንሸራተት የተጠቀለሉ ናቸው። ይሄ ቅርፅ የመጣው በ1978 ገደማ ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። ከስቴንቱ ጋር ለጥቂት ቀናት የፊኛ ካቴተርም ይጨመራል። ብዙ ሕመምተኛ «ሁለት ቱቦ ለምን?» ይላል። ስቴንቱ በር የለውም፤ ፊኛ ሲሞላና ሲጨመቅ ሽንቱን ወደ ላይ፣ ወደ ቁስሉ ይመልሰዋል። ካቴተሩ ፊኛውን ባዶ ያደርግለታል።

ከታች መግባት ካልተቻለ በጀርባ ነው። በአልትራሳውንድ እየታየ መርፌ ኩላሊት ውስጥ ይገባል፣ በመርፌው መንገድ ቱቦ ይተከላል፣ ሽንቱ ወደ ከረጢት ይወርዳል። ኩሬው ትልቅ ከሆነ ወይም መግል ካለው እሱም የራሱ ቱቦ ይደረግለታል፣ አንቲባዮቲክም ይጨመራል። ቀዶ ጥገና የሚቀረው ቧንቧው ለተበጠሰበት፣ ከረጢቱ ክፉኛ ለተቀደደበት፣ ደሙ አልቆም ላለው ነው። ኩላሊቷን ማውጣት የመጨረሻ መጨረሻው ነው።

ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላቸው የሚመጡት በአብዛኛው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ነው። ከመምጣታቸው በፊት ግን ወጌሻ ጋ የሚሄዱ አሉ። ወጌሻ ለወለምታ እጁ የተባረከ ነው፣ አልክድም። የተመታ ጎን ግን አይታሽም። የረጋውን ደም ይነቅለዋል፣ ስንጥቁን ይከፍተዋል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ደግሞ ጀርባው ላይ ቱቦ ካለ የገባበት ቦታ መርጠብ የለበትም። ካህኑም ሐኪሙም ይረዳሉ፣ መጠየቅ ነው። ጾምም እንደዚያው፤ ስቴንት ያለበት ሰው ውሃ በብዛት መጠጣት ስላለበት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለመዋል ከመወሰኑ በፊት የንስሐ አባቱን ያማክር።

ቤት ሲገባ ኑሮው እንዲህ ነው። የጀርባ ቱቦ ያለው ሰው ከረጢቱን ሁልጊዜ ከኩላሊቱ ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ጋቢ ሥር አይታይም፤ በጀልባ ወደ ዘጌ ሲሻገር የሚያውቀው የለም። ቱቦው እንዳይታጠፍ፣ እንዳይሳብ ብቻ። ስቴንት ያለው ቶሎ ቶሎ ሽንት ይለዋል፣ ሲሸና ጎኑን ይወጋዋል፣ ብዙ ሲሄድ ሽንቱ ቀላ ይላል። ይሄ አያስደነግጥም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ግን ያስደነግጣል። ደም ግፊትም ለወራት መለካት አለበት። ኩላሊት በጥርቅም ወይም በጠባሳ ስትጨመቅ ግፊት ታስነሳለች፤ አሜሪካዊው ሐኪም ኧርቪን ፔጅ በ1939 የውሻ ኩላሊት በሴሎፎን ጠቅልሎ ያሳየው ይሄንኑ ነው።

እና ስቴንቱ ይውጣ! ለሳምንታት የገባ ነገር ነው፣ ከሦስት ወር ባያልፍ ይመረጣል። ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ረስቶት የሚቀር ሰው አለ። ቱቦው ጠጠር ይለብሳል፣ በጥቂት ደቂቃ በካሜራ ሊሳብ የነበረው ነገር ኦፕራሲዮን ይሆናል። ለአጎቴ ልጅ ስድስት ሳምንት ነበር የተሰጠው። ቀኑ የተጻፈበትን ወረቀት እሱ በሁለተኛው ቀን ባጃጅ ውስጥ ጣለው። እናቱ ግን ቀጠሮው በኅዳር ሚካኤል ማግስት መዋሉን ያዘች። በጥቅምት ሚካኤል ተሳልማ ስትመለስ «አንድ ወር ቀረህ» አለችው። በኅዳር ሚካኤል ማታ ንጹሕ ልብሱን አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችለት።