የገጠር ካውንቲ ሚዲያን ገቢ ከዓመት ዓመት ሲነጻጸር

በአሜሪካ አንድ የገጠር ካውንቲ (ከክፍለ ግዛት በታች ያለ የአስተዳደር አካባቢ) ውስጥ የቤተሰብ ሚዲያን ገቢ በአንድ ዓመት አደገ ወይስ ቀነሰ የሚል ክርክር በመካከላችን ደጋግሞ ስለሚነሣ፣ ቁጥሩ እንዴት እንደሚነበብ ላስረዳ። ሚዲያን ማለት ቤተሰቦች ሁሉ በገቢያቸው መጠን ቢደረደሩ ልክ መሃል ላይ የሚገኘው ገቢ ነው፤ አማካይ አይደለም።

የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ቤተሰቦችን በናሙና በሚጠይቅበት የማኅበረሰብ ጥናቱ መደበኛውን የአንድ ዓመት ግምት የሚያወጣው 65,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው አካባቢዎች ብቻ ሲሆን፣ ለአነስተኛ ካውንቲዎች ግን የአምስት ዓመት መልሶችን አንድ ላይ አጠራቅሞ ያሰላል። ስለዚህ የ2015–2019 እና የ2016–2020 ግምቶች አራት ዓመታትን ይጋራሉ፤ ልዩነታቸውም የአንድ ዓመት ለውጥ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ትክክለኛው ንጽጽር እንደ 2010–2014 እና 2015–2019 ባሉ፣ በማይደራረቡ ዘመናት መካከል የሚደረገው ነው። እያንዳንዱ ግምት በራሱ የመጨረሻ ዓመት ዶላር ስለሚገለጽ፣ የቀድሞው አስቀድሞ በዋጋ ንረት መስተካከል አለበት።

ብዙዎች የሚዘሉት የስሕተት ወሰኑን፣ ማለትም ከናሙና የተገኘው ግምት ከእውነተኛው ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበትን መጠን ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ከማስተካከያው በኋላ የቀድሞው ግምት 48,000 የአሁኑ ደግሞ 51,000 ዶላር ቢሆንና የእያንዳንዱ ወሰን 5,000 ቢሆን፣ የልዩነቱ ወሰን 7,000 ገደማ ስለሚደርስ የ3,000 ዶላሩን ብልጫ እድገት ብሎ ማወጅ አይቻልም። ይህ ሕግ የጸና ነው፤ ከካውንቲ ካውንቲ የሚለያየው የወሰኑ ስፋት ሲሆን፣ የተጠየቁት ቤተሰቦች ቁጥር ሲያንስ በአብዛኛው ይሰፋል።

የየዓመቱን ግምት የግድ የሚፈልግ ሰው፣ ቢሮው የግብር ሰነዶችን ጭምር ተጠቅሞ በሞዴል ለሁሉም ካውንቲዎች የሚያወጣውን የአነስተኛ አካባቢዎች ግምት ቢመለከት ይሻላል።