«የእመቤታችን ልጅ»፦ ኤስፖዚቶ የሚለው ስም ከየት መጣ?

ናፖሊ ውስጥ አንድ የቆየ አነጋገር አለ። «ፊሊዮ ዴላ ማዶና» ይላሉ። ማዶና የሚለው ቃል በድሮው ጣልያንኛ «እመቤቴ» ማለት ነው። ስለዚህ አነጋገሩ ወደ አማርኛ ሲመጣ ምንም ሳይጎድልበት «የእመቤታችን ልጅ» ይሆናል።

ለማያውቅ ሰው ምርቃት ይመስላል። ወይም በስለት የተገኘ ልጅ። ፍቺው ግን ሌላ ነው። እናትና አባቱ ያልታወቁ፣ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ማለት ነው።

ይህን አነጋገር ከአንድ የቤተሰብ ስም ነጥሎ ማየት አይቻልም። ስሙ ኤስፖዚቶ ነው። ዛሬ በናፖሊም ሆነ ከተማዋ በምትገኝበት በካምፓኒያ ክልል አንደኛ የሆነ ስም ነው። በመላው ጣልያን ደግሞ በብዛት ከሚገኙት ከመጀመሪያዎቹ አስር ስሞች ውስጥ ይገባል። አነጋገሩና ስሙ የተወለዱት አንድ ግድግዳ ሥር ነው።

ግድግዳው አሁንም አለ። በአሮጌው ናፖሊ፣ ፎርቼላ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ አኑንዚያታ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። አኑንዚያታ «ብሥራት የተነገራት» ማለት ነው፤ እመቤታችንን ነው። ቤተ ክርስቲያኑና አብሮት ያለው የሕፃናት ማሳደጊያ የተጀመሩት በ14ኛው መቶ ዘመን ነው። ከመንገዱ በኩል ግድግዳው ላይ አንዲት ጠባብ መስኮት ትታያለች። ከኋላዋ እንደ በርሜል ክብ የሆነ፣ የሚሽከረከር የእንጨት ሳጥን አለ። ጣልያኖች «ላ ሩዎታ» ይሉታል፤ መንኮራኩሩ ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው ሕፃኑን ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጣል። ሳጥኑን ወደ ውስጥ ያዞራል። ደወል ይደውላል። ከወዲያ በኩል ተረኛዋ ሴት ትነሳና ሕፃኑን ታነሳለች። ያስቀመጠውና ያነሳችው አይተያዩም። የተሠራውም ለዚሁ ነው። ብዙ ጊዜ በጨለማ ነበር የሚመጡት። አንዷ ሳታገባ የወለደች ናት። ሌላዋ ባል አላት፣ ግን ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ የለም። አንዳንዴም እናቲቱ ሞታ ሕፃኑን ይዛ የምትመጣው አዋላጇ ናት።

ከዚያ ወደ መዝገቡ ይኬዳል። ቀኑ ይጻፋል። ሰዓቱ፣ የለበሰው ጨርቅ፣ አንገቱ ላይ የታሰረ ነገር ካለ እሱም ይጻፋል። ምክንያቱም ብዙ እናቶች ምልክት ይተዉ ነበር። ለሁለት የተሰበረ ሜዳልያ፣ የተቆረጠ የካርታ መጫወቻ፣ የጥብጣብ ቁራጭ። ግማሹ ከልጁ ጋር፣ ግማሹ ከእናት ጋር። አንድ ቀን ተመልሳ ስትመጣ ሁለቱ ግማሾች ሲገጠሙ ልጇ መሆኑ ይታወቃል። ፍሎረንስ ከተማ ያለው የ«ኢኖቼንቲ» ማሳደጊያ በሙዚየሙ ውስጥ እንዲህ ያሉ ግማሾችን በትንንሽ መሳቢያዎች አድርጎ ያሳያል። ወልዶ ለሚያውቅ ሰው ከባድ ነው። እዚያ የቀሩት እኮ ሌላው ግማሽ ያልመጣላቸው ናቸው።

መዝገቡ ላይ ግን አንድ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ የአባት ስም። ጸሐፊው እዚያ ላይ በላቲን «ኤክስፖዚቱስ» ብሎ ጻፈ። «ውጭ የተቀመጠ» ማለት ነው። ሰዎች ዕቃቸውን አውጥተው የሚያሳዩበትን ዝግጅት «ኤክስፖ» እንለው የለ? ሥሩ አንድ ነው። ይኸው ቃል በሰው አፍ ሲለሰልስ ኤስፖዚቶ ሆነ። በናፖሊ መዝገብ ላይ ከ1623 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙ ይገኛል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በስፔንም «ኤክስፖሲቶ» የሚባል የቤተሰብ ስም አለ፤ ታሪኩም ያው ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። ይህን ስም ግን ያወጣው ሥራ የበዛበት ጸሐፊ ነው። ስም ለመስጠት አስቦም አይመስለኝም። ልጁ እንዴት እንደመጣ ብቻ ነው የጻፈው። ችግሩ ልጁ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ያንን የአንድ ሌሊት ነገር ዕድሜ ልኩን መሸከሙ ነው። ልጁም ይሸከማል። የልጅ ልጁም።

አነጋገሩ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። መዝገቡ «ውጭ የተቀመጠ» ሲል ሰፈሩ «የእመቤታችን ልጅ» አለ። ሕፃኑ የገባው በእሷ ቤተ ክርስቲያን በር ነዋ! እናት የለውም ማለት አይቻልም፤ እናቱ እሷ ናት። ይህ የማሽሞንሞን ነገር ብቻ አልነበረም። ልጇ የሞተባት የናፖሊ ሴት ወደ አኑንዚያታ ሄዳ ከእነዚህ ሕፃናት አንዱን ወስዳ ጡቷን ታጠባው ነበር። ቤቷ የገባው የእመቤታችን ልጅ ነው፤ ስለዚህ በረከት ይዞ ይመጣል ተብሎ ይታመናል።

እኛ በአማርኛ «ተጥሎ የተገኘ» እንላለን። ሁለት ግሦች ናቸው፤ አንዱ የጣለውን፣ አንዱ ያነሳውን ይናገራል። የጣልያን ከተሞች ግን ሁለቱን ተከፋፈሏቸው። ናፖሊ በኤስፖዚቶ የመጀመሪያውን ያዘች። ሮም ደግሞ «ፕሮዬቲ» አለች፤ እሱማ ይብሳል፣ «የተወረወሩ» እንደማለት ነው። ሲሲሊ ሁለተኛውን መርጣ «ትሮቫቶ» አለች፤ «የተገኘ»። ፍሎረንስ በማሳደጊያው ስም «ኢኖቼንቲ» አለች፤ «ንጹሓን» ማለት ነው። ሚላን በሆስፒታሏ ዓርማ ላይ ርግብ ስለነበረች «ኮሎምቦ» ብላ ሰየመች። (አሜሪካ የደረሰው ክሪስቶፎሮ ኮሎምቦ ከዚህ ጋር አይገናኝም። እሱ የጄኖቫ ሰው ነው፤ አባቱም የታወቀ ሸማኔ ነበር።) ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን «ዲዮታሌቪ» ነው። ትርጉሙ «እግዚአብሔር ያሳድግህ» ነው። እንዲህ ያለ ስም ያወጣ ጸሐፊ ልብ ነበረው።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ናፖሊን የገዛው ፈረንሳዊው ዮዋኪም ሙራ ኤስፖዚቶ የሚለው ስም ለአዲስ ሕፃናት እንዳይሰጥ አገደ። ስሙ ገና ከመዝገቡ ልጁን አሳልፎ የሚሰጥ ምልክት ሆኖ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊዎቹ ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ስም መፍጠር ነበረባቸው። በ1852 አኑንዚያታ የደረሰ አንድ ሕፃን «ጄኒቶ» ሊባል ታሰበ፤ «የተወለደ» እንደማለት ነው። አጻጻፍ ላይ ተሳስተው አንዲት ፊደል ብትለወጥ «ጄሚቶ» ሆነ። ጄሚቶ ደግሞ በጣልያንኛ «ሲቃ» ነው። ያ ልጅ አድጎ ቪንቼንዞ ጄሚቶ ተባለ፤ በዘመኑ ከታወቁት የጣልያን ቀራጮች አንዱ ነው። ከቀረጻቸው ምስሎች ብዙዎቹ የናፖሊ ድሃ ልጆች ናቸው።

መንኮራኩሩ ራሱ የተዘጋው በ1875 ነው። ሕፃናት መምጣታቸው ግን አልቆመም።

ስሙ ይህን ያህል የበዛው ለምንድን ነው? አንድ ኤስፖዚቶ የሚባል ታላቅ አያት ስለነበረ አይደለም። እርስ በርስ ዝምድና የሌላቸው እጅግ ብዙ ሕፃናት በተለያየ ሌሊት አንድ ስም ስለተሰጣቸው ነው። ስለዚህ ሁለት ኤስፖዚቶዎች ቢገናኙ ዘመዳሞች ናቸው ማለት አይደለም። ሌላም ነገር አስቡ። በማሳደጊያ ቤቶች የሕፃናት ሞት እጅግ ከፍተኛ ነበር። ከተረፉት ውስጥ ደግሞ ሴቶቹ ስሙን ለልጆቻቸው አያወርሱም፤ ስም በአባት ነው የሚሄደው። እንግዲህ የዛሬዎቹ ኤስፖዚቶዎች ከሞት ከተረፉትና ወንድ ከሆኑት ብቻ የመጡ ናቸው። የገቡት ስንት ይሆኑ?

ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የደቡብ ጣልያን ሰው በገፍ ሲሰደድ ስሙም አብሮ ሄደ። ኒው ዮርክም ቦነስ አይረስም ደረሰ። «ብሬኪንግ ባድ» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ላይ የዶሮ ጥብስ ቤት ባለቤት ሆኖ የምናውቀው ተዋናይ ጃንካርሎ ኤስፖዚቶ አባቱ የናፖሊ ሰው ነው። ማርጋሪታ ፒዛን በ1889 ለንግሥት ማርጌሪታ ጋገረ የሚባልለትም ራፋኤሌ ኤስፖዚቶ ነው።

በእኛ በኩል የሚያልፍ መንገድም አለ። ጣልያን ኢትዮጵያንና ኤርትራን በያዘችበት ጊዜ ከጣልያን አባትና ከአገሬው እናት የተወለዱ ልጆች ብዙ ነበሩ። የፋሺስቱ መንግሥት በግንቦት 1940 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ጣልያናዊው ወላጅ እነዚህን ልጆች የእኔ ናቸው ብሎ እንዳያስመዘግብ ከለከለ። የአባታቸውን ስም መያዝም አልተፈቀደላቸውም። የናፖሊው ልጅ አባቱ ስላልታወቀ ስም ተፈጠረለት። የአሥመራውና የአዲስ አበባው ልጅ ግን አባቱ እየታወቀ ስሙን በሕግ ተነፈገ። ይህን ቁስል እስከ እርጅና የተሸከሙ ሰዎች አሉ።

በራሷ በጣልያንም ነገሩ ቶሎ አልጠራም። መታወቂያ ላይ የአባት ስም ሲጠየቅ፣ የሌለው ሰው «ኤኔ ኤኔ» ተብሎ ይጻፍበት ነበር። የሁለት የላቲን ቃላት ምኅጻር ነው፤ «ስሙን አላውቅም» ማለት። «የኤኔ ኤኔ ልጅ» የሚለው ስድብ ከዚያ የመጣ ነው። በ1955 የወጣ ሕግ የወላጆችን ስም ከእንዲህ ዓይነት ሰነዶች ላይ አስወጣው።

ኳስ የምትከታተሉ ከሆነ ስሙን በቅርብ ሰምታችኋል። የኢንተሩ ወጣት አጥቂ ፒዮ ኤስፖዚቶ የናፖሊ ጎረቤት የካስቴላማሬ ዲ ስታቢያ ልጅ ነው። ታላላቆቹ ሳልቫቶሬና ሴባስቲያኖም ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። ሦስት የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው። የሚጋሩት የቤተሰብ ስም ግን አንድ ቃል ነው፤ በመዝገቡ ላይ የአባት ስም ሲጠፋ ይጻፍ የነበረው።