ማርድ ምንድን ነው? የስኳር ሴንሰር ቁጥር የሚታመነው እስከ ምን ድረስ ነው?

ክንድ ወይም ሆድ ላይ ተለጥፎ ሌት ተቀን የስኳር መጠንን ወደ ስልክ የሚልክ ሴንሰር ለመግዛት ያሰበ ወይም ዘመዱ ከውጭ እንዲልክለት የጠየቀ ሰው፣ የትኛው እንደሚሻል ሲያጣራ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ቁጥር ነው። የዚህኛው ማርድ 8 በመቶ ነው፣ የዚያኛው 9 ነው ይባላል። ቁጥሩ ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው አሁን ስልኩ ላይ በሚያየው ውጤት ተማምኖ መድኃኒቱን መውሰድ ይችል እንደሆነ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ማርድ ብቻውን መልስ አይሆንም።

ማርድ ሴንሰሩ የሚያሳየው ውጤት ከማመሳከሪያ የደም ምርመራ በአማካይ ስንት በመቶ እንደሚለይ የሚገልጽ ስሌት ነው። በጥናቱ የሚሳተፉ ሰዎች ሴንሰሩን እንደለበሱ ደማቸው በተደጋጋሚ እየተቀዳ ይመረመራል፤ እያንዳንዱ የደም ውጤት በዚያው ሰዓት ሴንሰሩ ካሳየው ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱ ለደም ውጤቱ ተካፍሎ በመቶኛ ይሰላል፤ በመጨረሻም የሁሉም መቶኛዎች አማካይ ይወሰዳል። አማካዩ ባነሰ ቁጥር ሴንሰሩ ለደሙ ውጤት ይቀርባል ማለት ነው። በአውሮፓ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ፍሪስታይል ሊብሬ የተባለ ሴንሰር 11.4 በመቶ ተመዝግቦለት ነበር፤ የሌላ ኩባንያ ሴንሰር የሆነው ዴክስኮም ጂ6 9 በመቶ፣ ተከታዩ ጂ7 በአዋቂዎች ክንድ ላይ 8.2 በመቶ፣ ሊብሬ 3 ደግሞ 8 በመቶ ገደማ አስመዝግበዋል። መሻሻሉ እውነተኛ ነው፤ ቀደም ሲል ሴንሰሩን በቀን ሁለት ጊዜ ጣት እየወጉ ማስተካከል የግድ ነበር፤ ዛሬ አብዛኞቹ ከፋብሪካ ተስተካክለው ይወጣሉ።

አማካይ ምን እንደሚሸፍን ለማየት ግን ሁለት ምሳሌ ይበቃል። የደሙ ውጤት 200 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ሴንሰሩ 182 ቢያሳይ ልዩነቱ 18፣ በመቶኛ 9 ነው። 200 ላይ ያለ ሰውም ሆነ 182 ላይ ያለ ሰው የሚያደርገው ነገር ያው ስለሆነ ስህተቱ ጉዳት የለውም። የደሙ ውጤት 60 ሆኖ ሴንሰሩ 78 ቢያሳይስ? ልዩነቱ አሁንም 18 ነው፤ በመቶኛ ግን 30 ይደርሳል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ 70 ላይ እንዲጮኽ የተሞላው ማስጠንቀቂያ ዝም ይላል፣ ሰውየው ስኳሩ እየወረደ ተኝቶ ያድራል። ከአምስት ንጽጽሮች አራቱ በ4 በመቶ ብቻ ቢሳሳቱና አምስተኛው ይህ የ30 በመቶው ቢሆን አማካያቸው 9.2 ይመጣል። በማስታወቂያ ላይ የሚያኮራ ቁጥር ነው፤ አደጋው ያለበት ንባብ ግን ውስጡ ተሰውሯል። በጥናት ከሚሰበሰቡት ውጤቶች ብዙዎቹ ከ70 በላይ ስለሚሆኑ፣ በዝቅተኛው ክልል የሚፈጠረው ስህተት በአማካዩ ላይ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው።

ማርድ የስህተቱን አቅጣጫም አይናገርም፤ ስሌቱ መደመሩንም መቀነሱንም በአንድ ዓይን ያያል። አንዱ ሴንሰር አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ 9 በመቶ ሊሳሳት ይችላል፤ ሌላው ሁልጊዜ በ9 በመቶ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ማርዳቸው እኩል ነው፤ ሁለተኛውን የለበሰ ሰው ግን በየምግቡ ከሚገባው በላይ ኢንሱሊን ይወጋል። በእኔ እምነት ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ማርዱ ስንት ነው የሚለው ሳይሆን ከ70 በታች ሲሆን ምን ያህል ይታመናል የሚለው ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፍዲኤ በ2018 እ.ኤ.አ. ከኢንሱሊን ፓምፕ ጋር ተቀናጅተው ለሚሠሩ ሴንሰሮች ያወጣው መስፈርት ክልሎቹን ለያይቶ የሚመዝነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከ70 በታች ከሚገኙት ንባቦች ከ85 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከደሙ ውጤት በ15 ሚሊግራም ርቀት ውስጥ እንዲሆኑ ይጠይቃል። መስፈርቱ ጥብቅ ነው፤ ሆኖም ፈተናውን ያለፈ ሴንሰር እንኳ በዚህ ክልል አልፎ አልፎ ከዚያ በላይ ሊሳሳት እንደሚችል ከራሱ ከመስፈርቱ መረዳት ይቻላል።

ሌላው መሠረታዊ ነገር ሴንሰሩ ደም የማይለካ መሆኑ ነው። ከቆዳ ሥር የሚገባው ቀጭን ክር በሴሎች መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ግሉኮስ በኢንዛይም አማካይነት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል። ግሉኮስ ከደም ወደዚህ ፈሳሽ እስኪደርስ ጥቂት ደቂቃ፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ስኳሩ ረግቶ ሲቆይ መዘግየቱ አይታወቅም፤ ሲፈጥን ግን ይታያል። ስኳር በደቂቃ በ3 ሚሊግራም እየወረደ ሴንሰሩ 8 ደቂቃ ቢዘገይ፣ ስልኩ 90 ሲል ደሙ 66 ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ያለው ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ከራሱ ከቁጥሩ ያላነሰ ትኩረት ይፈልጋል።

ይኸው መዘግየት በተቃራኒውም ያሳስታል። ስኳሩ የወረደበት ሰው ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ከጠጣ በኋላ፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ ስልኩን ሲያይ ሴንሰሩ ገና 58 ሊለው ይችላል፤ ደሙ ግን በዚያን ጊዜ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። ደንግጦ ደግሞ ሲጠጣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 250 ላይ ይገኛል። ከስኳር መውረድ በኋላ ማገገምን በጣት ደም ማረጋገጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ከመዘግየቱ ሌላ የስህተት ምክንያቶችም አሉ። በተለጠፈበት ክንድ ላይ ተጋድሞ መተኛት በአካባቢው ያለውን የፈሳሽ ዝውውር ስለሚቀንስ ሌሊት ሐሰተኛ የስኳር መውረድ ያሳያል፤ ጎን ሲቀየር ግራፉ በጥቂት ደቂቃ ይመለሳል። ሴንሰሩ በተተከለበት የመጀመሪያ ቀን ከቀሪዎቹ ቀናት ይልቅ ይሳሳታል። በቀን ከ500 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ የሚወስድ ሰው በሊብሬ 2 ላይ ከእውነተኛው የበለጠ ንባብ ሊያይ ይችላል። ፓራሲታሞል በቀድሞዎቹ የዴክስኮም ሴንሰሮች ላይ ንባቡን ያጋንን ነበር፤ በጂ6 ግን በየ6 ሰዓቱ እስከ 1 ግራም መውሰድ ይቻላል። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከሐኪማቸው ጋር ሳይመክሩ በጂ6 ንባብ ላይ መወሰን የለባቸውም።

ሴንሰሩን በጣት ምርመራ ለመፈተን የሚፈልግ ሰው ቀስቱ አግድም ሲሆን፣ ከምግብ በፊት፣ እጁን በሳሙና ታጥቦና አድርቆ ይለካ። ማንጎ የላጠ ጣት ሳይታጠብ ቢወጋ የጣት ደም የሚለካው መሣሪያ፣ ግሉኮሜትሩ ራሱ በጣም የተጋነነ ውጤት ይሰጣል፤ ጥፋቱ ግን በሴንሰሩ ላይ ይላከካል። ግሉኮሜትርም ፍጹም ዳኛ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ መስፈርት ከ100 በላይ በሆነ ውጤት ላይ 15 በመቶ ልዩነት ይፈቅድለታል። ስለዚህ ሴንሰሩ 140፣ ጣቱ 155 ማለታቸው ሴንሰሩ ተበላሽቷል አያሰኝም። ሴንሰሩ 140 እያለ ሰውነት ላብ በላብ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ ግን በስልኩ ላይ መከራከር አይገባም፤ ወዲያው ጣትን መለካት ነው፣ መለኪያ በአጠገብ ከሌለም እንደ ወረደ ቆጥሮ ስኳር መውሰድ ነው።

አማካይ ፈጽሞ የማያሳየው ደግሞ የምርት ጉድለትን ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የሊብሬ አምራች አቦት ኩባንያ አንዳንድ የሊብሬ 3 እና የሊብሬ 3 ፕላስ ሴንሰሮች ለረጅም ጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ንባብ ሊሰጡ እንደሚችሉ አስታውቆ ነበር፤ ችግሩ ከአንድ የማምረቻ መስመር የመጣ ሲሆን በአሜሪካ ብቻ 3 ሚሊዮን ገደማ ሴንሰሮችን ይመለከታል፤ ከጉድለቱ ጋር ሊያያዙ ይችላሉ የተባሉ 7 ሞቶችና 736 ከባድ ጉዳቶች በዓለም ዙሪያ ሪፖርት ተደርገዋል። ሐሰተኛ ዝቅተኛ ንባብ ያየ ሰው ሳያስፈልገው ስኳር ይወስዳል ወይም ኢንሱሊኑን ይዘልላል። የዚህ ሴንሰር ማርድ ግን በወረቀት ላይ ያው 8 በመቶ ገደማ ነበር።

እንዲህ ያለው ማስታወቂያ የሚደርሰው በአብዛኛው በአምራቹ ወይም በፋርማሲው መዝገብ ላይ ስሙ ላለ ሰው ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ አዲስ አበባ የገባ ሴንሰር ተጠቃሚው የትኛውም መዝገብ ላይ ስለማይገኝ፣ የሳጥኑን መለያ ቁጥር ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥና በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ማጣራት የራሱ ድርሻ ይሆናል። ሴንሰሩ በሳጥኑ ላይ ከተጻፈው በላይ ሙቀት ውስጥ መቀመጥ ስለሌለበትም፣ የሚያመጣው ሰው በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ እንዳይተወው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።