የእሳት ጥናትና ደን ጠባቂው፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ከኮምቦልቻ ቀና ብሎ ላየ የጎፍ ደን ይታያል። ጥድና ወይራ ያሉበት የቆየ ደን ነው። ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር ናት፤ ዙሪያዋ ባህር ዛፍ ነው። ሁለቱም ቦታ ዳገት ይበዛዋል፤ ለእሳት ደግሞ ዳገት ትልቅ ነገር ነው።

እሳት ሽቅብ ሲወጣ ይፈጥናል። ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣር ቀድሞ ያደርቀዋልና። የዘርፉ ሰዎች የሚሠሩበት ግምት አለ፦ ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ እሳቱን ለማጥፋት ቅጠል ይዞ ከእሳቱ በላይ መቆም አደጋ ነው። በእኔ አስተያየት በበጋ መግቢያ ቅሬ (እድር) ላይ የተነገረች ይህቺ አንዲት ነገር በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ወፍራም ጥናት ትበልጣለች።

ጥናትን ለመሬት አስተዳዳሪ ማድረስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አሜሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. የጋራ የእሳት ሳይንስ ፕሮግራም ጀመረች፤ በሥሩ 15 ክልላዊ የዕውቀት መለዋወጫ መረቦች ተዋቀሩ። ሥራቸው ጥናቱን አሳጥሮ ማቅረብና ተመራማሪውን ከደን ባለሙያው ጋር መስክ ማውረድ ነው። እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ግቢ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ገበሬው ዘንድ በየቀኑ የሚደርሰው ግን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ነው። ድልድዩ እሱ ነው።

የሳተላይት መረጃም ማብራሪያ ይፈልጋል። ናሳ እሳት የሚመስል ሙቀት ሲያይ በሰዓታት ውስጥ ካርታ ላይ ነጥብ ያደርጋል፤ በነጻ ነው። ግን አንዷ ነጥብ በየጎኑ 375 ሜትር የሆነ መሬት ትወክላለች። የሚነድ ደን ሊሆን ይችላል፣ ማሳውን የሚያቃጥል ገበሬም ሊሆን ይችላል። እንደ ኮምቦልቻ ባለ የኢንዱስትሪ ከተማ የፋብሪካ ሙቀትም እሳት ሊመስል ይችላል። አፈር ለብሶ የሚጨስ የከሰል ክምር ደግሞ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ይህ ሳይነገረው ጠባቂው አንድ ሁለቴ በከንቱ ዳገት ከወጣ፣ ሦስተኛውን ማን ያምናል?

ከቃጠሎ በኋላም ጥናቱ ይጠቅማል። ጥድ ከነደደ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ወይራና ባህር ዛፍ ግን ያቆጠቁጣሉ። እንግዲህ ወይራ የነበረበትን ከከብት ከልሎ መተው ይበቃ ይሆናል፤ ጥድ የነበረበት ዘር ወይም ችግኝ ይፈልጋል። በጀት የሚይዝ ሰው ይህን ቢያውቅ ችግኙን የትም አይበትንም።

በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያ ከእስራኤል መጥቷል። የጎፍ ላይ እሳት ቢነሳ ግን ቀድሞ የሚደርሰው የአካባቢው ሰው ነው። ከሰዓት ላይ ነፋሱ በየትኛው ሸለቆ እንደሚወጣ ተመራማሪውም እሱን ነው መጠየቅ ያለበት። እሳቱ የተነሳበት ቀንና ሰዓት፣ መነሻው፣ ያስቆመው መንገድ ወይም ገደል በቀበሌው መዝገብ ቢሰፍር፣ የሚቀጥለው ጥናት ከዚያ ይጀምራል።